ማጫወቻ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ስለ ሸክላ አያያዝ

ጎንደር ላይ ለሙዚቃ ወዳጆች ካቀረብኩት ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ? ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከመግባቴ በፊት በር ላይ ከብዙዎቻችሁ ጋር አወራን። የአብዛኞቻችሁ ታሪክ ይመሳሰላል። ቤት ውስጥ የሙዚቃ ሸክላ አለ። አባት ወይም አያት የተዉት ነው። ቁም ሳጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር ተቀምጧል። ማጫወቻው ግን ከተበላሸ ቆይቷል። ስለዚህ “ምን ዓይነት ማጫወቻ ልግዛ?” ትላላችሁ።

መልሱን እሰጣችኋለሁ። ግን አስቀድሜ አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ማጫወቻ ይገዛል፣ ይጠገናል፣ ይቀየራል። ሸክላው ግን ምትክ የለውም። አንዳንዱ ዘፈን ውጭ አገር እንደገና ታትሟል፤ አብዛኛው አልታተመም። ስለዚህ ማጫወቻ ስንመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄ “ሸክላዬን ይጎዳል ወይ?” መሆን አለበት። መልኩ፣ ዋጋው፣ ብሉቱዙ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

በቅድሚያ ያላችሁን እወቁ። በአገራችን በብዛት የተሸጠው ትንሹ ሸክላ ነው። ስፋቱ 17.5 ሳንቲሜትር ያህል ነው። በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል። በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን ይይዛል፤ ዘፈኑ ከረዘመ ለሁለት ተከፍሎ ቀሪው ጀርባው ላይ ይገኛል። የዚህ ሸክላ ዘመን አጭር ነበር። በንጉሡ ጊዜ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት ፈቃድ የአገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ ያንን ክልከላ ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። ካይፋ ሪከርድስና ፊሊፕስም በዚያው ዘመን ብዙ አሳትመዋል። ሸክላው ውጭ አገር ታትሞ ነበር የሚገባው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ደግሞ ካሴት ቦታውን ወሰደ። ነገሩ ሁሉ አሥር ዓመት ገደማ ቢሆን ነው። እጃችሁ ላይ ያለው 45 እንግዲህ ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። አንዳንዱም ቡና ቤት ውስጥ ቀን ከሌት ሲጫወት የኖረ ነው።

ከዚያ የሚቀድመው በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው፣ 78 የሚባለው ነው። ወፍራም፣ ከባድና ተሰባሪ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን ያስቀዱት በዚህ ዓይነቱ ላይ ነበር። 78ቱ የተሠራው ከሼላክ ነው። 45ቱና በደቂቃ 33 ጊዜ ያህል የሚዞረው ትልቁ 33 የተሠሩት ከፕላስቲክ፣ ከቪኒል ነው። ይህን ልዩነት አጥብቃችሁ ያዙልኝ። መርፌያቸው ይለያያል፣ አስተጣጠባቸውም ይለያያል። የ45ና የ33 መርፌ ጫፍ ራዲየስ 0.018 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የ78ቱ 0.075 ገደማ ነው። ቀጭኑን መርፌ 78 ላይ ብታስቀምጡት ሰፊው ቦይ (ድምፁ የተቀረጸበት፣ መርፌው የሚሄድበት ጭረት) ግርጌ ገብቶ ጩኸትና ቆሻሻ ያነባል። ወፍራሙን መርፌ 45 ላይ ብታስቀምጡት ደግሞ ሸክላው ያልቅለታል።

በእጅ የሚጠመዘዝ የድሮ ግራማፎን ያላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ስሙኝ። 45ም ሆነ 33 በፍጹም እዚያ ላይ አታስቀምጡ። መርፌውን የሚይዘው የዚያ ክንድ ክብደት ከ100 ግራም በላይ ነው። መርፌው ብረት ነው። ለ78 ተብሎ የተሠራ ነው፤ ለ78ም ቢሆን ብረቱ መርፌ በየገጹ ይቀየር ነበር። ቪኒል ላይ አንድ ጊዜ ካስኬዳችሁት የተፋቀው ነገር አይመለስም።

አሁን ወደ ገበያው እንግባ። ዛሬ በጣም በርካሽ የሚሸጠው ሻንጣ መሳዩ ማጫወቻ ነው። ክዳኑን ስትከፍቱት ስፒከሩም፣ ሸክላው የሚዞርበት ሳህንም፣ ክንዱም አንድ ላይ አለ። ያምራል። ለስጦታ ይመቻል። እኔ ግን ለአባታችሁ ሸክላ አልመክረውም። ምክንያቱን ላስረዳ። ካርትሪጅ የምንለው መርፌውን ይዞ ንቅናቄውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል ነው፤ አብዛኞቹ ሴራሚክ የሚባለውን ነው የሚጠቀሙት። መርፌው ሸክላው ላይ 5 ግራምና ከዚያ በላይ ይጫናል። ደህና ማጫወቻ ላይ ክብደቱ 2 ግራም አካባቢ ነው። ሻንጣው ላይ ክብደቱን መቀነሻ የለም። መርፌው ብዙ ጊዜ ሳፋየር ነው፤ ከአልማዝ በጣም ቶሎ ያልቃል። ያለቀ መርፌ ደግሞ ቦዩን አይከተልም፤ እንደ ማረሻ ያርሰዋል። በዚያ ላይ ስፒከሩ እዚያው ሳጥን ውስጥ ስለሆነ ሳጥኑን ያንቀጠቅጠዋል፣ መርፌው ይዘላል። ሰው ሲቸግረው ክንዱ ላይ ሳንቲም ይለጥፋል። አታድርጉት። መዝለሉ ይቆም ይሆናል፤ ጭነቱ ግን ሸክላው ላይ ነው የሚያርፈው።

ጉዳቱን በጆሮ ማወቅ ይቻላል፤ እናንተ ደግሞ ለዚህ የታደላችሁ ናችሁ። ጎንደር የአዝማሪ አገር ነው። ማሲንቆ ከቅርብ፣ ያለ ማይክሮፎን ሰምታችኋል። የፈረሱ ጭራ ሲሳብ ከዜማው ጋር የሚወጣውን ሻካራ ድምፅ ታውቁታላችሁ። መጥፎ መርፌ መጀመሪያ የሚበላው ያንን ነው። ቀጫጭኑ ድምፅ በቦዩ ግድግዳ ላይ በጣም ጥቃቅን ሆኖ ነው የተቀረጸው። እሱ ሲፋቅ ማሲንቆው ይደፈናል። የዘፋኙ “ሰ” እና “ሸ” ወደ ፉጨትና ፍርፍር ይለወጣል። በተለይ ወደ መሃሉ፣ ወደ ዘፈኑ መጨረሻ ሲቀርብ ይብሳል። አሮጌ ሸክላ ስትገዙም ጅማሬውን ብቻ አትስሙ። መጨረሻውን ስሙት።

እንግዲህ ምን ይገዛ? ለጀማሪ ሦስት ነገር በቂ ነው። የአልማዝ መርፌ፣ ማግኔት ያለው ካርትሪጅ፣ መርፌው ሲያልቅ ተነቅሎ የሚቀየር መሆኑ። ኦዲዮ ቴክኒካ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ኤልፒ60ኤክስ ማጫወቻ እነዚህን ያሟላል። አሜሪካ ውስጥ 200 ዶላር ገደማ ነው። አዝራር ስትነኩ ክንዱ ራሱ ሄዶ ያርፋል፣ ሲጨርስ ራሱ ይመለሳል። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ትልልቅ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 33ና 45 ያጫውታል፣ 78 አያጫውትም። ክብደቱ ከፋብሪካ የተወሰነ ስለሆነ አትነካኩትም።

አቅሙ ላለው እዚያው ቤት የሚሠራው ኤልፒ120ኤክስ ይሻላል። የክንዱን ክብደት በራሳችሁ ታስተካክላላችሁ። ካርትሪጁ ይቀየራል። ሦስቱንም ፍጥነት ያዞራል፤ ለ78 የሚሆነውን መርፌ ለብቻው ገዝታችሁ ማቀያየር ትችላላችሁ። የቤተሰብ ክምችታችሁ ውስጥ 78 ካለ እንግዲህ ምርጫው ይህ ነው። ሬጋ ፕላናር 1ም ግሩም ነው፤ ግን 78 የለውም፣ ፕሪአምፕም ለብቻው ያስፈልገዋል።

ፕሪአምፕ ስል ብዙ ሰው ይደናገራል። ነገሩ ቀላል ነው። ከመርፌው የሚወጣው ኤሌክትሪክ በጣም ደካማ ነው፤ 5 ሚሊቮልት እንኳ አይሞላም። ደግሞም ሸክላ ሲቆረጥ ወፍራሙን ድምፅ ቀንሰው፣ ቀጭኑን አጉልተው ነው የሚቀርጹት። ቦዩ እንዳይሰፋና የሸክላው ሽው ሽው ማለት እንዲቀንስ ነው ይህን የሚያደርጉት። ፕሪአምፑ ሁለት ሥራ ይሠራል። ድምፁን ያጎላል፣ የተዛባውን ሚዛን ይመልሳል። ኤልፒ60ኤክስም ኤልፒ120ኤክስም ውስጣቸው አላቸው፤ ከኋላ በማብሪያ ይበራል፣ ይጠፋል። አምፕሊፋየራችሁ ላይ “ፎኖ” የሚል መግቢያ ካለ እዚያ ሰክታችሁ የማጫወቻውን ፕሪአምፕ አጥፉት። ሁለቱም ከበሩ ድምፁ ይፈነዳል። ሁለቱም ከጠፉ እንደ ወባ ትንኝ ይቀጥናል።

አሁን ለጎንደር ሰው ከሁሉ ወደሚበልጠው ጉዳይ መጣሁ። መብራት።

ብዙዎቻችሁ ዘመድ ከአሜሪካ ይልክላችኋል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን ሁሉም ያውቃል። ኸርዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ለሸክላ ማጫወቻ ደግሞ ኸርዙ ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ብዙ ማጫወቻዎች ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው በቀጥታ ከመብራቱ ነው። ለ60 ኸርዝ የተሠራውን 50 ላይ ስትሰኩት በስድስት አንድ እጅ ይዘገያል። 45 መዞር የነበረበት 37.5 ይዞራል። ዘፈኑ ይጎተታል፣ የሴቷ ድምፅ የወንድ ይመስላል። ትራንስፎርመር ገዝታችሁ ቮልቱን ብታስተካክሉም ይህ አይስተካከልም። ትራንስፎርመር ኸርዝ አይቀይርም። መፍትሔው በሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ፑሊ ለ50 ኸርዝ በተሠራች መተካት ነው፤ ከተገኘች። ካልተገኘች ያንን ማጫወቻ አታስመጡት።

የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ይህ ችግር የለባቸውም። የሞተራቸው ፍጥነት ከመብራቱ ኸርዝ ጋር አይያያዝም። እንደ ቴክኒክስ ያሉ ፍጥነታቸውን በኳርትዝ የሚቆጣጠሩት የድሮ ማጫወቻዎችም እንዲሁ። ለእነሱ የሚታየው የኃይል ማስገቢያው ጽሑፍ ብቻ ነው። “100–240” ካለ በቀጥታ ይሰካል። “120” ብቻ ካለና ኃይሉ በውጭ አዳፕተር የሚገባ ከሆነ የሚያወጣው ቮልት፣ አምፔሩና የጫፉ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አንድ የሆነ አዳፕተር እዚሁ ይፈለግ፤ ገመዱ ያለ አዳፕተር በቀጥታ የሚሰካ ከሆነ ግን ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ዘመዳችሁ ከመግዛቱ በፊት የዕቃውን ጀርባ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ከተገዛ በኋላ መመለስ አስቸጋሪ ነው።

መብራት በድንገት ሲሄድ ሳህኑ ይቆማል፣ መርፌው ሸክላው ላይ ይቀራል። ክንዱን በማንሻው ቀስ አድርጋችሁ አንሱት። አምፕሊፋየሩን አጥፉት። መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ጉልበት ስፒከር ያቃጥላል። ስታቢላይዘር ካላችሁ አምፕሊፋየሩንም ማጫወቻውንም እዚያ ላይ ሰኩ። ራሱ በሚሠራው ማጫወቻ ላይ ግን ክንዱ እየተንቀሳቀሰ ሳለ በእጅ አትግፉት፤ ውስጡ ያለውን ጥርስ ትሰብራላችሁ።

ስለ አቀማመጡ ብዙ አልልም። ከስፒከሩ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አይሁን። ወለሉ ጣውላ ከሆነ ሰው ሲራመድ መርፌው ይዘላልና ግድግዳ ላይ የተመታ መደርደሪያ ይሻላል። በውኃ ልክ አስተካክሉት፤ ግንበኛ ጎረቤት አይጠፋም። ክንዱ የሚስተካከል ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ከኋላ ያለውን ክብደት አዙራችሁ ክንዱ አየር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲንሳፈፍ አድርጉ። ቁጥሩን ዜሮ ላይ አድርጉ። ከዚያ የካርትሪጁ ወረቀት ወዳዘዘው ክብደት አምጡት። ወረቀቱ 2 ግራም ካለ 2 ይሁን። አቅልሎ ማስኬድ ሸክላ የሚያድን ይመስላል፤ ሲቀልል ግን መርፌው ቦዩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይመታል።

መርፌም ዕድሜ አለው። ኦዲዮ ቴክኒካ ለክቡ ጫፍ 500 ሰዓት፣ ለሞላላው 300 ሰዓት ይላል። አንድ 45 ገጽ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ረጅም ጊዜ ያገለግላችኋል። ከሌላ ሰው የገዛችሁት አሮጌ ማጫወቻ ላይ ያለውን መርፌ ግን ስንት ሰዓት እንደሠራ አታውቁም። መጀመሪያ አዲስ መርፌ ይገዛ። ከዚያ ሸክላ ይቀመጥ።

እሺ፤ ማጫወቻው ገብቷል እንበል። ያ ሁሉ ዓመት አልጋ ሥር የቆየውን ሸክላ አውጥታችሁ ወዲያው አታስቀምጡት። እባካችሁ። የበጋ አቧራችንን ታውቁታላችሁ። በር ተዘግቶም ይገባል። እዚያ ላይ የዕጣኑ ጭስ፣ የቡናው ጭስ፣ የወጥ ቤቱ እንፋሎት አለ። ጭሱ ስስ ቅባት ሆኖ ያርፋል፣ አቧራው እዚያ ላይ ይጣበቃል። መርፌው በዚያ ላይ ሲያልፍ አሸዋውን ቦዩ ግድግዳ ላይ ይፈጨዋል። ሳይታጠብ በተጫወተ አንድ ጊዜ የሚደርሰው ጉዳት ከዚያ በኋላ ታጥቦ ብዙ ጊዜ ቢጫወት ከሚደርሰው ሊበልጥ ይችላል።

አስተጣጠቡ ይህን ይመስላል። ደረቁን አቧራ ለስላሳ ብሩሽ ያነሳዋል። ለሸክላ ተብሎ የሚሠራ የካርቦን ፋይበር ብሩሽ አለ፤ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ከማጫወቻው ጋር አብሮ ይላክላችሁ። ለእጥበት የሚያስፈልገው የተጣራ ውኃ ነው። የቧንቧ ውኃ ሲደርቅ ነጭ ጨው ይተዋል፤ ያ ጨው ቦዩ ውስጥ ሆኖ ይንጫጫል። የተጣራ ውኃ ለመኪና ባትሪ ተብሎ መለዋወጫ ሱቅ ይሸጣል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ። የባትሪ ውኃ ስትሉ ሻጩ አሲድ ሊሰጣችሁ ይችላል። አሲድ እጅም ዓይንም ያጠፋል። “የተጣራ ውኃ፣ አሲድ የሌለው” ብላችሁ ጠይቁ። ጠርሙሱ ላይ ያለውንም አንብቡ። ጽሑፍ ከሌለው ተዉት። መድኃኒት ቤትም መጠየቅ ይቻላል።

አንድ ሊትር የተጣራ ውኃ ውስጥ ሽታና ቀለም የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሁለት ሦስት ጠብታ ጨምሩ። ከዚያ አይብለጥ። ሸክላውን ንጹሕ ፎጣ ላይ አስተኙት። ለስላሳ ማይክሮፋይበር ጨርቅ አርጥባችሁ በቦዩ አቅጣጫ፣ ክቡን ተከትላችሁ ጥረጉ። ከመሃል ወደ ጠርዝ በፍጹም አትጥረጉ። መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት እንዳይርስ ተጠንቀቁ፤ የዘፋኙና የአሳታሚው ስም ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ሳሙና በሌለው የተጣራ ውኃ እንደገና ጥረጉ። በደረቅ ማይክሮፋይበር አድርቁ። ጥላ ቦታ፣ ሳህን መደርደሪያ ላይ አቁሙት። ፀሐይ ላይ አታስጡት። ቪኒል በሙቀት ይጣመማል። ከመኪና መስተዋት ሥር የተረሳ ሸክላ ይበላሻል።

ቤንዚን፣ ላምባ፣ አሴቶን፣ አረቄ፣ የልብስ ሳሙና አታስጠጉ። ለ78ቱ ደግሞ ምንም ዓይነት አልኮል ክልክል ነው። አልኮል ሼላክን ያሟሟል። ገጹ ዓይናችሁ እያየ ይደበዝዛል። ለእሱ ያው ውኃና ጠብታ ፈሳሽ፣ ፈጠን ተብሎ፣ ወዲያው ይድረቅ።

አቀማመጡ ላይ ሁለት ስህተት ደጋግሜ አያለሁ። አንዱ መደራረብ ነው። ሸክላ እንደ መጽሐፍ ይቆማል፣ አይነባበርም። በጣም አይጠበቅ፣ እንዳይንጋደድም አይላላ። አናጺ ጠይቃችሁ የ45 ሣጥን አሠሩ፤ ውስጡ 20 ሳንቲሜትር ቢሰፋ ይበቃዋል። ሁለተኛው ቦታው ነው። ኮርኒስ ላይ፣ ቆርቆሮ ሥር አታስቀምጡ፤ ቀን ይጋላል። ከግድግዳው ጋርም አታጣብቁት። ክረምት ላይ ግድግዳው እርጥበት ይስባል፣ የካርቶን ሽፋኑ ሻጋታ ያበቅላል። ፌስታል ውስጥ ማሰር ሻጋታውን ያብሳል። አየር ይግባው። የውስጥ ፖስታውን የቻለ በአዲስ ይቀይረው። የድሮውን ሽፋን ግን አትጣሉት።

ከአዳራሹ የተነሱ ጥያቄዎች

አንድ ትልቅ ሰው የተጣመመ ሸክላ በካውያ ይቃናል ወይ ብለው ጠየቁ። አይሆንም፣ ጋሼ። ፀሐይም አይሆንም። ሲሞቅ ሸክላው ይቃና ይሆናል፤ ቦዩ ግን ይቀልጣል። መጣመሙ ትንሽ ከሆነ መርፌው ይከተለዋል፤ እንዲያው ይጫወቱት። ከበዛ ይቀመጥ።

አንዲት ወጣት ብሉቱዝ ያለው ማጫወቻ ይከፋል ወይ አለች። አይከፋም። ሸክላውን የሚነካው መርፌው ነው፤ ብሉቱዙ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ብሉቱዝ ስላለው ብቻ ሻንጣውን አትግዢ።

ወደ ኮምፒውተር መቅዳት ስለሚፈልጉ ብዙዎች ጠየቁ። በጣም አበረታታለሁ። ጊዜው ደግሞ ልክ ከታጠበ በኋላ፣ በአዲስ መርፌ፣ በመጀመሪያው መጫወት ነው። ዋቭ (ድምፁ ሳይጨመቅ የሚቀመጥበት ፋይል) አድርጋችሁ ቅዱ፤ ኤምፒ3ቱን ከዋቩ ታወጡታላችሁ። ሁለት ቦታ አስቀምጡት፤ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን። የመሃሉን ወረቀትም በሁለቱም ገጽ ፎቶ አንሱ።

የተሰነጠቀ 78 ያላቸው እናትም ነበሩ። እትዬ፣ በሙጫ አይለጥፉት። ሙጫው ቦዩ ውስጥ ገብቶ የተረፈውን ያበላሻል። ማጫወትም አይሞክሩ፤ ስንጥቁ መርፌውን ይሰብራል። ስብርባሪው ሳይቀር ጠፍጣፋ ካርቶን ላይ ተደርጎ፣ በወረቀት ተሸፍኖ ይቀመጥ። ባለሙያ ሲገኝ የተሰበረ ሸክላም ሊነበብ ይችላል።

የመጨረሻው ጥያቄ የአንድ ልጅ ነበር። ቤታቸው የአያቱ ሸክላዎች አሉ። ቱሪስት ሊገዛቸው ይፈልጋል። ይሽጥ? የኢትዮጵያ 45ዎች በውጭ ሰብሳቢዎች ዘንድ በጣም ይፈለጋሉ፤ ስለዚህ ገዢው ለምን እንደመጣ እወቅ። ውሳኔው የቤተሰባችሁ ነው። ከመሸጥ በፊት ግን እጠቡ፣ ቅዱ፣ ፎቶ አንሱ። በጥቅል ዋጋ አትስጡ፤ እያንዳንዱን ለብቻው አይታችሁ፣ ስሙን ጽፋችሁ፣ ዋጋውን ጠይቁ። አያትህ በሕይወት ካሉ ደግሞ መጀመሪያ እሳቸውን ጠይቅ።